ጋዝ አለ

ከሮቢ ድልድይ ጀምሮ እስከ መናኸሪያው በር፣
ቆርቆሮ ላይ ግድግዳ ላይ የምታነቡት ነገር
የእኔ ጽሕፈት ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ
ብሩሼ ያልነካው ደጃፍ ብዙም አይታይ።
«ጎማ እንለጥፋለን»፣ «ማሾ እንረከባለን»፣
«እዚህ መሽናት ያስቀጣል»፣ ይኼኛው አልፎ አልፎ ነው፤
ከሁሉ የሚበዛው ግን
«ጋዝ አለ» የሚለው ነው።
ጋዝ በጠፋበት ወር እንኳ እሱን ነው የማድሰው።

በግንቦት አንድ ማታ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣
ሉባባ መጣች ከቤቴ፣ አቡጀዲ ታቅፋ በክንድ፤
አምስት ሜትር ተኩል፣ ከወንድሟ ሱቅ የተቀደደ።
«ጻፍልኝ» አለች፣ «ዓርብ ነው የምንወጣው።»
«ለማን?»
«ለጋዛ።»

እኔ ጋዛን በሬዲዮ እንጂ አላውቃትም።
ሉባባ ግን ቤይሩት ስድስት ዓመት የሰው ወለል ወልውላ፣
ፓስፖርቷን ቆልፈውባት፣ አንድ ሌሊት በበረንዳ ሾልካ፣
ባዶ እግሯን ስትሮጥ ካምፑ ሰፈር ገባች።
አንዲት ፍልስጤማዊት አሮጊት፣ ኡም ሰሚር፣ በሯን ከፈተች።
አርባ ሦስት ቀን፣
ስድስት ሰው በሚተኛባት አንዲት ክፍል
ሰባተኛ አድርጋ አኖረቻት።
«ከየት ነሽ አላለችኝም» ትላለች ሉባባ፣
«በልተሻል? ነው ያለችኝ።»

ዐረብኛውን እሷ በከሰል ነደፈችልኝ፤
ከቀኝ ወደ ግራ፣ እጄ እምቢ እያለኝ
እንደ ሀሁ ልጅ ተንቀጠቀጥኩ።
አማርኛው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ወዲያው ሳቁ ቆመ።
ሃያ ዓመት የጻፍኩት ቃል ነው ለካ፤
ጋዝ።
የዝን ጭረት ብተዋት፣ ቀኝ እግሩን ባስረዝመው፣
ጋዛ።
በመሀላቸው ያለው አንድ እግር ነው።
ስንቱ ልጅ እዚያ ማዶ፣ አሉ፣
በአንድ እግሩ ነው የቀረው።

የወረቀቱ ነገር ሦስት ቀን ፈጀ።
የቀበሌው ጸሐፊ አቶ ምንተስኖት
የማኅተሙን ጎማ በትንፋሹ እያሞቀ
«ከመስጊዱ እስከ ድልድዩ፤ ከድልድዩ ወዲያ የለም» አለ።
«ሠላሳ ሰው ብቻ።»
ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተን ደግሞ ምን አገባህ?
ማተብህ አንገትህ ላይ እያለ?»
መልስ አልነበረኝም። ጥፍሬ ውስጥ ቀለም ነበረ።

ዓርብ ሠላሳ አንድ ሆንን።
ሠላሳ አንደኛዋ ያልተጠራች ነበረች፤
ትርንጎ፣ የመናኸሪያዋ ሽንኩርት ቸርቻሪ፣
አጣዬ ላይ ቤቷ ሲነድ ነፍሷን ብቻ ይዛ የወጣች።
ሚሊሻው አስቆማት። «የአንቺ ቤት ሲነድ
ዐረብ ጮሆልሽ ያውቃል?»
ዘንቢሏን መሬት አሳረፈች።
«አልጮኸም። ጎረቤትም አልጮኸ።
ለዚህ እኮ ነው የማውቀው፣
ዝም ሲባሉ እንዴት እንደሚያም።»
የጨርቁን ጫፍ ያዘች። ነፋስ ሞላበት።

ከደሴ የሚወርድ ሲኖትራክ ጥሩምባ ነፋብን፤
ለሰላምታ ይሁን ለመንገድ አልለየንም።
ድልድዩ ጋ ደረስን። ከድልድዩ ወዲያ የለም።
መፈክር የሚያወጣው ልጅ ድምፁ ተሰንጥቆ ነበር፤
ሉባባ ወደ ወንዙ ዞራ አንድ ስም ብቻ ጠራች።
ሮቢ ደርቋል። ድንጋዩ ነው የመለሰላት።
ሃያ ደቂቃ። ተበተንን።
ዓለም አልተነቃነቀም፤ ዋሽቼ አልጽፍም።

ማክሰኞ ጠዋት የጋዝ ነጋዴው አቶ ድልነሳው
«ፀሐይ በላው፣ አድስልኝ» አለ። መሰላል ወጣሁ።
እጄ የለመደውን ይሠራል ብዬ
ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ስወርድ
ቀና ብሎ ያያል፣ ከንፈሩ ያነብባል።
አንድ እግር አስረዝሜአለሁ።
«ላጥፋው?» አልኩት፣ ቲነሩን አነሣሁ።
ቆየ። ባዶ በርሜሉን በጫማው ገፋ አደረገና
«ጋዙስ መቼ ኖሮ ያውቃል» አለ።
«ተወው። እንዲያው ይኑር።»

ከደሴ ስትመጡ፣ በስተግራ፣
ሦስተኛው ሱቅ ላይ፣
ጋዛ አለ።